ለጋሼ የገዛሁት አርማ

ሰው ከውጭ አገር ለአጎቱ ሸሚዝ ይልካል፤ እጁ ከተፈታ የደም ግፊት መለኪያ ይጨምርበታል። እኔ የጦር መርከብ አርማ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ የጋሼን ድምፅ በስልክ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በጃንሆይ ዘመን ምጽዋ ባሕር ኃይል ገብተው «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ ሠርተዋል። መርከቧ ስትወለድ አሜሪካዊት ነበረች። ስሟ «ኦርካ»፣ ሥራዋ ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ማገልገል ነበር፤ አገልግሎት የጀመረችውም እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ለእኛ ተሰጠችና ስሟ ተለውጦ የባሕር ኃይላችን ቁንጮ ሆነች። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ ሁለት ዓመት እዚያው ቆማ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። «ኢትዮጵያ ለብረት ተሸጠች» የሚል ዓረፍተ ነገር ግን በጋሼ ቤት አይነገርም። «ጡረታ ወጣች» ነው የሚባለው።

እኔ ደግሞ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ እነዳለሁ። መስመሬ በታወር ብሪጅ ላይ ያልፋል። ድልድዩ ላይ ስወጣ በስተምዕራብ በኩል አንዲት ግራጫ የጦር መርከብ ቴምዝ ወንዝ ላይ ተጋድማ ትታያለች። «ቤልፋስት» ትባላለች። ታይታኒክን የሠራው የቤልፋስት መርከብ ፋብሪካ ሠርቷት፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1938 ውኃ የነካች ክሩዘር ናት፤ ከ1971 ጀምሮ ሙዚየም ሆናለች። ይኼን አንድ ቀን ለጋሼ በስልክ መንገሬ ነው የጥፋቱ ሁሉ መጀመሪያ። ከዚያ በኋላ ሲደውሉ ከእኔ ጤና በፊት የእሷን ይጠይቁ ጀመር። «ያቺ መርከብህ እንዴት ናት?» «ደህና ናት ጋሼ፤ እዚያው ናት።» «ጥሩ። ልጆችስ?»

አንድ ማታ ሽሮዬ ሊያርብኝ ሲል ደወሉ።

«አርማዋ ምንድን ነው?» አሉ።

በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መርከቧ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ግን እንግሊዝ አገር ስለ አርማ ቢገመት ምን ይሳሳታል? ፓስፖርቱ ላይ አንበሳ አለ። ኳስ ተጫዋቾቹ ደረት ላይ ሦስት አንበሳ አለ። እንቁላል ላይ እንኳ የአንበሳ ማኅተም ይመታል፤ እየጠበስን እንበላዋለን።

«አንበሳ ነው ጋሼ» አልኩና ሽሮዬን አማሰልኩ።

«አንበሳ!» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ ብነግራችሁ እናንተም ትዋሹ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ጋሼ ለንደን መጡ። በሦስተኛው ቀን «እስቲ ያንን አንበሳ አሳየኝ» አሉ። ሱፍ ለበሱ፣ ክራቫት አሰሩ፣ ጫማቸውን ወለወሉ። እኔ በቁምጣ ነበርኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መርከብ ላይ እኮ ነው የምንወጣው» አሉ። ገብቼ ሱሪ ለበስኩ።

በመሸጋገሪያው አልፈን ደርቡን እንደረገጡ ቆሙ። ወደ መርከቧ ኋለኛ ክፍል ዞረው፣ ተረከዝ ገጥመው፣ ሰላምታ ሰጡ። ባሕር ኃይል ውስጥ እንዲያ ይደረጋል። አንዲት ቱሪስት ፎቶ አነሳቻቸው፤ ከሙዚየሙ ጋር የመጡ መስሏት ይሆናል።

ከዚያ መሰላሉ መጣ። የጦር መርከብ ውስጥ ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥ ብሎ የቆመ የብረት መሰላል ነው ያለው። እኔ ፎቅ ቤት እንደሚወርድ ሰው ጀርባዬን ለመሰላሉ ሰጥቼ ስወርድ የበሩ ብረት ግንባሬን አገኘው። «ፊትህን ወደ መሰላሉ!» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። ይኼ የአጎቴ ድምፅ አልነበረም፤ የምጽዋ ድምፅ ነው። ጋሼ በሰባ ዓመታቸው ክራቫታቸው ሳይዛነፍ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። የእኔ ግንባር ቀንድ ማብቀል ጀምሯል።

አርማውን ያገኘነው በዚህ ሁኔታ ነው።

ጋሼ መነጽራቸውን አወጡ፣ በመሐረብ ጠረጉ፣ አደረጉ። ቀረብ አሉ። ራቅ አሉ። ከፊት ለፊታቸው ያለው የፈረስ ራስ፣ የፈረስ ጋማና የፈረስ ደረት ነው። ከወገቡ በታች የአሣ ጅራት ነው።

«አንበሳው ይሄ ነው?»

«እ… አዎ፤ ማለት…»

«ጅራቱን ምን ነካው?»

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ አንድ አዛውንት አስጎብኚ ወደ እኛ መጡ። የጋሼን ክራቫት አይተው ነው መሰለኝ የመጡት፤ ባሕርተኛ ባሕርተኛን ከሩቅ ያውቃል። ፈረሱ የባሕር ፈረስ መሆኑን፣ ከቤልፋስት ከተማ አርማ የተወሰደ መሆኑን፣ የከተማዋ ፈረስ አንገቱ ላይ የግንብ ቅርጽ ያለው አክሊል እንደሚያጠልቅ ነገሩን። በባሕር ንግድ የሞላላት ከተማ በሬ ወይም በግ አርማዋ ላይ አትሰቅልም። ግማሹ በየብስ የሚሮጥ፣ ግማሹ በውኃ የሚዋኝ እንስሳ ነው የሚስማማት። መርከቧም ከስሙ ጋር ፈረሱን ወረሰች፤ ከፈረሱ ጋር መሪ ቃሉን።

መሪ ቃሉ ላቲን ነው። አስጎብኚው ትርጉሙን ሲነግሩኝ እኔ ለጋሼ ወደ አማርኛ መለስኩ፤ «ለዚህ ሁሉ ምን ውለታ እንመልስ?» እንደ ማለት ነው። ገና ከአፌ ሳይወጣ ጋሼ በግዕዝ ተቀበሉት። ልጅ እያሉ የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመዋል፤ ይኼን ረስቼው ነበር። እዚያ የብረት ጓዳ ውስጥ፣ ዘይትና ቀለም በሚሸትበት፣ ዐይናቸውን ጨፍነው የመዝሙሩን ቃል እስከ መጨረሻው አወረዱት። ከተማዋ መሪ ቃሏን የቀዳችው ከዳዊት ነው። ሲጨርሱ ፈረሱን በሌላ ዐይን አዩት።

«ጅራቱን ተወው» አሉኝ፤ «አፉ ደህና ይናገራል።»

የሁለቱ ሽማግሌዎች ጨዋታ እዚያ ላይ ደራ። አንደኛው አማርኛ አይችሉ፣ ሌላኛው እንግሊዝኛቸው የምጽዋ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ መሐል ላይ በረዶ በግንባሬ ይዤ አስተረጉማለሁ። በረዶውን ከቡና ቤቱ ነው ያመጡልኝ። አስጎብኚው በመስኮት ወደ ማዶ ጠቆሙን። ከመርከቧ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ፣ የለንደን ታወር ግንብ ቆሟል። የዚያ ግንብ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረ ቻርልስ ፎውክስ የሚባል ሻለቃ ነው አሉ የእንግሊዝን መርከቦች አርማ ሥርዓት ያስያዘው። ከእሱ በፊት እያንዳንዱ መርከብ እንደ ባለቤቱ ነበር፤ አንዱ የሚያምር ያሠራል፣ ሌላው የቀልድ ሥዕል ይለጥፋል። በታኅሣሥ 1918 የፈረንጆቹ ዘመን፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በወሩ፣ የአርማ ኮሚቴ ተቋቋመና ያ ሁሉ ቀረ። ዙሪያው የወርቅ ገመድ፣ ከላዩ ስሙ፣ ከስሙ በላይ የባሕር ኃይል ዘውድ።

ዘውዱን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ጉድ ነው። የዘውድ ቅጠል በሚኖርበት ቦታ የተነፋ ሸራ አለ፤ ከሸራው ቀጥሎ የመርከብ የኋላ ገጽ ከነመስኮቶቹ፤ እንደገና ሸራ፤ እንደገና መርከብ። ዘሩ ከሮማውያን ነው። ሮም ውስጥ የጠላት መርከብ ላይ ቀድሞ ዘሎ ለገባ ወታደር የመርከብ አፍንጫ የተሠራበት የወርቅ አክሊል ይሰጠው ነበር።

ቅርጹም ይናገር ነበር። ለትልልቆቹ ተዋጊ መርከቦች ክብ፣ ለክሩዘር ባለ አምስት ማዕዘን፣ ለዲስትሮየር ጋሻ፣ ለቀሩት ደግሞ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን። በኋላ ለተዋጊዎቹ ሁሉ ክብ ሆነ። ይኼ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። አውቶቡስም እንዲሁ ነው፤ ቁጥሩ ከሩቅ ካልታየ ተሳፋሪው ሌላው ቀርቶ ቀለሙን አያምንም። የአርማ ጥበብ የተፈለሰፈውም ለዚሁ ነው። ፊቱ በብረት የተሸፈነን ፈረሰኛ በአቧራ ውስጥ ለይቶ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ነው የመጀመሪያው ሕግ ቀለምን ቀለም ላይ አታድርግ፣ ብረትን ብረት ላይ አታድርግ የሚለው። ወርቅና ብር ብረት ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ ቀለም ይባላሉ። ወርቅ በሰማያዊ ላይ ይታያል፤ ሰማያዊ በጥቁር ላይ አይታይም። በቃ ይኼው ነው። ይኼን ሕግ ያዙልኝ፤ በኋላ የገደለኝ እሱ ነው።

አስጎብኚው «ሁድ» ስለምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ነገሩን። የሁድ አርማ ቀይ መንቁር ያለው ቁራ ነው፤ በእግሩ መልሕቅ ጨብጧል፤ ከሥሩ 1859 የሚል ዓመት አለ። መሪ ቃሏ «በመልካም ነፋስ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1941 የጀርመኗ ቢስማርክ መታቻትና ፈነዳች። 1,415 ሰው አለቀ፤ ሦስት ሰው ተረፈ። ጋሼ ሲሰሙ ኮፍያ ባይኖራቸውም እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ። ያ ቁራ፣ ቀይ መንቁሩ ጭምር፣ ሰሜን ተራሮች ላይ አለ። ጋሼ አላመኑኝም፤ ከአንበሳው በኋላ ስለ እንስሳ የምናገረውን ማመን ትተዋል።

ከዚያ የኮሪያ ነገር መጣ። ቤልፋስት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1952 ኮሪያ ባሕር ላይ ስትተኩስ ነበር። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ቀጥ አሉ። «ንገራቸው» አሉኝ። «የእኛም ፈረስ እዚያው ነበር በላቸው።» አስጎብኚው ግራ ገባቸው፤ የፈረሰኛ ጦር መሰላቸው። ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ነበረብኝ። የእኛ ሰው አርማ በጋሻው ላይ አይሥልም ነበር፤ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው፤ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ራስ መኰንን አባ ቃኘው ነበሩ። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ጦር ስሙን ያገኘው ከዚያ ፈረስ ነው፤ ቃኘው። እንግዲህ የኮሪያ ምድር ላይ የእኛ የየብስ ፈረስ፣ ኮሪያ ባሕር ላይ የእነሱ የባሕር ፈረስ፣ በአንድ ወገን ተሰልፈው ነበር ማለት ነው። አስጎብኚው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጋሼን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ይኼን በአርማ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም።

(በነገራችን ላይ የመርከቧ የፊት መድፎች የሚያነጣጥሩት በሰሜን ምዕራብ በኩል ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አውራ ጎዳና ላይ ወደሚገኝ የመኪና ማረፊያ ነው። እስከዚያ ድረስ ይደርሳሉ ለማለት ነው የተደረገው። እዚያ ቆሜ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር አንገቴን እደብቃለሁ።)

ወጥተን ወንዙ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሁሉም በጥሩ አልቆ ነበር። አንበሳው ተረስቷል። ያኔ ነው ጋሼ ወደ ውኃው እያዩ፣

«ጃንሆይን ያሻገረቻቸውስ?» ያሉት።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ሌሊት ንጉሡ ከአዲስ አበባ በባቡር ወጡ። ሚያዝያ 26 ቀን ጅቡቲ ላይ የእንግሊዝ ክሩዘር ተሳፍረው ወደ ሐይፋ ሄዱ። ስሟ «ኢንተርፕራይዝ» ነበር። ጋሼ ይኼን የሰሙት ከአባታቸው ነው፤ አባታቸው ስሙን «እንተርፍ ይሆን» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ቀልድ ይሁን ጆሯቸው አይታወቅም። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁ። መርከቧ ከኖርማንዲው የጦር ዘመቻ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ለብረት ተሸጣለች። (ለጋሼ «ጡረታ ወጣች» አልኳቸው፤ ተምሬያለሁ።) መሪ ቃሏን ሳነብ ግን ለራሴም ጀርባዬን በረደኝ። ትርጉሙ «ተስፋ መከራን ያቀልላል» ነው። አገሩን ለጠላት ትቶ የሚሄድ ንጉሥ፣ የይሁዳ አንበሳ የተባለ፣ በዚህ ቃል ሥር ነው ያቺን ባሕር ያቋረጠው።

ጋሼ ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ «አርማዋን ባየሁት» አሉ።

«አገኝልዎታለሁ» አልኩ። ስልኬ እዚያው ባትሪውን ጨርሶ ጠፋ። ይኼ ምልክት ነበር፤ አልገባኝም።

ደቡብ ለንደን ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ጋሼ ሊመለሱ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ በካፊያ፣ ገመድ የሌለው ጊታርና እጀታ የጠፋው ድስት መሐል አየሁት። ጋሻ የሚመስል እንጨት፣ ገጹ ጥቁር ሰማያዊ። መሐሉ ላይ ወርቃማ፣ የፍላጻ ራስ የመሰለ ነገር ጫፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ከሌላው ረዘም ይላል። በውስጡ ኮከብ አለ። ከሥሩ በትልልቅ የእንግሊዝ ፊደል «ኢንተርፕራይዝ» ተጽፏል። ከስሙ ሥር 1701።

እግሬ ተንቀጠቀጠ። ሕጉን አስታወስኩ፤ ወርቅ በሰማያዊ ላይ፣ ብረት በቀለም ላይ፤ ተፈተነ፣ አለፈ። ቁጥሩስ? የሁድ አርማ ላይ 1859 አልነበረም? ቁጥር ማለት ዓመት ነው። ደግሞ አንብቤያለሁ፤ የመጀመሪያዋ የእንግሊዝ ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በ1705 ከፈረንሳዮች የተማረከች ናት። አራት ዓመት ልዩነት አለ፤ እሱን የሚያህል ስሕተት ደግሞ የትም መዝገብ ቤት ይኖራል። ስሙ በጉልህ ተጽፎ ሳለ ከሥዕል ጋር ማመሳከር ማን ያስባል?

«ኢንተርፕራይዝ ናት?» አልኩት ሻጩን።

«ናታ!» አለ በፕላስቲክ ስኒ ሻይ እየጠጣ። «አባቴ ነፍሱን ይማረውና አንድም ሳምንት አምልጣው አታውቅም።»

አባቱ መርከበኛ ነበር ማለት ነው ብዬ ከልቤ አዘንኩለት። አርባ ፓውንድ ብሎኝ የነበረውን በሃያ አምስት ሰጠኝ። ለሟቹ ስል መከራከሬ ራሱ አሳፍሮኝ ነበር።

ስጦታ ያለ ትርጉም አይሰጥም። ሌሊቱን ስለ አርማ ትርጉም ሳነብ አደርኩ። አሜሪካኖች በዚህ የተዋጣላቸው ናቸው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የአርማ ተቋም አላቸው፤ ለየመርከቡ አርማ የትርጉም ወረቀት ይጻፋል። ጥቁር ሰማያዊና ወርቅ የባሕር ኃይል ቀለሞች ናቸው፤ ሰማያዊው ባሕሩ፣ ወርቁ ልቀት፣ ቀዩ ጀግንነትና መሥዋዕትነት። ቀጣዩን ወረቀት ትከፍታላችሁ፤ ሰማያዊው ባሕሩ፣ ወርቁ ልቀት። አሥር ወረቀት ያነበበ አሥራ አንደኛውን ራሱ ይጽፋል። እኔም ጻፍኩ።

በመሰናበቻው እራት፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ቆሜ አነበብኩት። ሰማያዊው ቀይ ባሕር ነው አልኩ። (ጭብጨባ።) ወርቁ የንግሥና ክብር ነው። ወደ ላይ የቀናው ፍላጻ መከራን የሚያቀልል ተስፋ ነው፤ አንድ እግሩ የረዘመው የስደቱን መንገድ ርዝመት ሲያመለክት ነው። ኮከቡ ነገሥታትን ወደ ቤተልሔም የመራው ኮከብ ነው፤ ጃንሆይም በዚሁ መርከብ ወደ ቅድስት አገር ነውና የሄዱት። እዚህ ላይ ጋሼ መሐረባቸውን አወጡ። 1701 የስሙ ጥንታዊነት ነው።

ልጄ የዚያን ማታ የትምህርት ቤት ጉዞ ላይ ነበረች። አቤት እሷ እቤት ብትኖር!

አርማው ለሻንጣው ከበደ። ጋሼ ከገዛሁላቸው ጫማ አንዱን ጥንድ አውጥተው ተዉልኝ፤ አርማውን በሹራብ ጠቅልለው ከተቱ። አዲስ አበባ እንደደረሱ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ከመርከባቸው ፎቶ በላይ ሰቀሉት። በሚቀጥለው የሚካኤል ማኅበር ተራቸው ነበርና ሃያ ሰው አየው፤ የንስሐ አባታቸው ኮከቡን በመስቀላቸው ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀድሞ ባሕር ኃይል ጓደኞቻቸው በተራ በተራ እየመጡ አብረውት ፎቶ ተነሡ። ከፎቶዎቹ አንዱ በስልክ መጣልኝ፤ አራት ሽማግሌዎች፣ አራት ክራቫት፣ መሐላቸው ላይ ፍላጻው።

«አባዬ» አለች ልጄ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። «ጋሼ ቤት ስታር ትሬክ ምን ያደርጋል?»

«የምን ስታር?»

መልሱን ለመስጠት ከወንበሯ እስክትወርድ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሳቁ አውርዷት ምንጣፍ ላይ ነው የነገረችኝ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ፊልም አለ። ኢንተርፕራይዝ የምትባል መርከብ አለችበት። ባሕር ነክታ አታውቅም፤ የምትሄደው በከዋክብት መሐል ነው። 1701 የሰሌዳ ቁጥሯ ነው። እኔ አውቶቡስ ነጂው፣ የሰሌዳ ቁጥር ዓመተ ምሕረት ነው ብዬ ቆሜ አነበብኩ። የሻጩ አባትም መርከበኛ አልነበረም። ቴሌቪዥን ነበር የሚያየው።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ያ አርማ… የፊልም ነው።»

«የምን ፊልም?»

«በሰማይ የምትሄድ መርከብ ፊልም።»

ዝም አሉ። «ካፒቴን አላት?»

«አላት።»

«ባሕርተኞችስ?»

«አሏት። ማለት፣ ባሕር የለም እንጂ…»

«ባሕርማ እኛም የለንም» አሉና ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሳቸው ይሁኑ እስካሁን አልጠየቅሁም።

በ2009 ዓ.ም. ለፋሲካ አዲስ አበባ ገባሁ። ሻንጣዬ ውስጥ ሸሚዝ አለ፤ የደም ግፊት መለኪያም አለ። አርማውን በዘዴ አውርጄ ይዤው ለመሄድ ቆርጫለሁ። ጋሼ ሳሎን ገብቼ ሳምኳቸው፤ ዐይኔ ግን ወደ ግድግዳው ነበር። እዚያው ተሰቅሏል። ፍላጻው አለ። ኮከቡ አለ። አቧራ የለበትም፤ በየቀኑ እንደሚወለወል ያስታውቃል። ጠጋ ብዬ ሳየው ከስሙ ሥር ያለው ቦታ ትንሽ ተፍቆ፣ በሰማያዊ ተቀብቶ፣ በላዩ ላይ በወርቅ ቀለም በጥንቃቄ 1928 ተብሎ ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ቁጥሩስ?»

«ስሕተት ነበረበት» አሉ፤ «አሳርሜዋለሁ።»